ብቻውን የሚሳፈር ልጅ የማን አደራ ነው?

 

የዛሬው ርእሳችን በኹጥባ ላይ ብዙም አይነሳም፤ በብዙዎቻችን ቤት ግን አለ። ዘመድ ሊጠይቅ ብቻውን አውሮፕላን ወይም ባቡር ስለሚሳፈር ልጅ እንነጋገራለን።

ዋሽንግተን የምትኖር እናት ከሥራ ፈቃድ ስላላገኘች የዘጠኝ ዓመት ልጇን ለክረምት አዲስ አበባ ወዳሉት አያቱ ትልካለች። የአንዷ ልጅ አባት ጂዳ ነው፣ እናቷ ደሴ ናት፤ ልጅቷ ዒድን ከአባቷ ጋር ልታሳልፍ ትሄዳለች። ሌላው ወላጆቹ ከተለያዩ በኋላ በየትምህርት ቤት እረፍቱ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው በባቡር ይመላለሳል። እዚሁ አገር ውስጥም ልጅ ለረዳት ወይም ለማያውቁት ተሳፋሪ «ደሴ ስትደርሱ አጎቱ ይቀበለዋል» ተብሎ አውቶቡስ ላይ ይሳፈራል።

«ይህ የወላጆች ጉዳይ ነው፤ እኔ ገና ልጅ የለኝም» የሚል ይኖራል። ቆይ ወንድሜ። ቆዪ እህቴ። ታናሽ ወንድምህን አውሮፕላን ማረፊያ የምታደርሰው አንተ ነህ፤ እናትህ እንግሊዝኛውን ፎርም የምታስሞላህ አንተን ነው። ከውጭ የምትመጣውን የአክስትሽን ልጅ ቦሌ ሄደሽ የምትቀበዪው አንቺ ነሽ፤ ክረምቱንም አንቺ ክፍል ታሳልፋለች። ብቻውን የሚጓዝ ልጅ አጠገባችሁ ሊቀመጥም ይችላል። ከመካከላችሁ ገና አሥራ አምስት ዓመት ያልሞላችሁና ተጓዦቹ ራሳችሁ የሆናችሁም አላችሁ። ስለዚህ ነገሩ ሁላችንንም ይመለከታል።

ሐበሻዊቷ አጃቢ

ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ ዘመድ ጥየቃ ተጉዘዋል። እናታቸው አሚና ከመካ ወደ የሥሪብ፣ ማለትም ዛሬ መዲና ወደምንላት ከተማ፣ የአያታቸውን የዐብዱል ሙጦሊብን የእናት ወገኖች ሊያስጠይቋቸው ይዘዋቸው ሄዱ። እነዚህ ዘመዶች ከበኒ ነጃር ጎሳ ነበሩ። እናትየው ሲመለሱ መንገድ ላይ ታመሙና አል-አብዋእ በተባለ ስፍራ አረፉ። አባታቸው ቀድመው ሞተው ነበርና የስድስት ዓመቱ ልጅ በሁለት ከተሞች መካከል፣ በበረሃ፣ ያለ እናትና ያለ አባት ቀሩ።

ግን ብቻቸውን አልነበሩም። አብራቸው የነበረችው በረካ ናት፤ በኋላ ኡሙ አይመን ተብላ የታወቀችው ሐበሻዊት ሴት (ረ.ዐ)። ያን ሐዘንተኛ ልጅ ይዛ በረሃውን አቋርጣ መካ አደረሰቻቸውና ለአያታቸው ለዐብዱል ሙጦሊብ አስረከበቻቸው።

እስቲ ቆም ብለን እናስበው። የዓለማት እዝነት ሆነው የተላኩት ነቢይ በሕፃንነታቸው በአንዲት የአገራችን ሴት እጅ አደራ ሆነው ተጉዘዋል። እሷ በዚያን ጊዜ ሀብትም ሥልጣንም አልነበራትም፤ የተቀበለችውን አደራ ግን ሳታጎድል አድርሳለች። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) አልረሷትም፤ እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ ይጠይቋት ነበር። ሙስሊም እንደዘገቡት ከሳቸው ሞት በኋላ አቡበክር ለዑመር (ረ.ዐ) የአላህ መልእክተኛ ይጠይቋት እንደነበረው ሄደን ኡሙ አይመንን እንጠይቃት ብለዋቸው አብረው ሄደዋል። አንድን ልጅ በደህና ያደረሰ ሰው ማዕረጉ እዚህ ድረስ ነው። ልጁ አድጎም ያስታውሰዋል።

አንድ ቃል፣ ሁለት ጉዞ

ሱረቱ ዩሱፍን ብዙዎቻችን እንወዳታለን። አሁን ደግሞ ልጅን ስለ መላክ ምን እንደምታስተምር አስተውሉ። በዚህች ሱራ ውስጥ ልጅ ከአባቱ እጅ የሚወጣው ሁለት ጊዜ ነው።

በመጀመሪያው ጊዜ ወንድሞቹ መጡና ነገ ዩሱፍን ከእኛ ጋር ላከው፣ ይጫወት፣ እኛ እንጠብቀዋለን አሉ። አባታቸው ያዕቆብ (ዐ.ሰ) ስጋታቸውን ተናገሩ፤ እናንተ ስትዘናጉ ተኩላ እንዳይበላው እፈራለሁ አሉ። ልጁ ሄደ። ማታ ወንድሞቹ እያለቀሱ፣ የሐሰት ደም የነካው ቀሚስ ይዘው ተመለሱ። ልጁ ግን ጉድጓድ ውስጥ ተጥሎ ነበር፤ ከዚያም መንገደኞች አወጡትና እንደ ሸቀጥ በርካሽ ሸጡት።

ዓመታት አልፈው እነዚያው ወንድሞች ለሁለተኛ ጊዜ መጡ፤ ትንሹን ወንድማቸውን ወደ ግብጽ ሊወስዱት። አስተውሉ፣ እኛ እንጠብቀዋለን የሚለውን ያንኑ ቃል ደገሙት። በዚህ ጊዜ ያዕቆብ (ዐ.ሰ) ሦስት ነገር አደረጉ። አንደኛ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ጠባቂ አላህ መሆኑን ተናገሩ። ሁለተኛ፣ በአላህ ስም ጽኑ ቃል ኪዳን ካልሰጣችሁኝ አልልከውም አሉ፤ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ካልከበባችሁ በቀር ትመልሱልኛላችሁ ብለው ኪዳኑን ወሰኑት፤ አላህንም በቃላቸው ላይ ምስክር አደረጉ። ሦስተኛ፣ ስትደርሱ ሁላችሁም በአንድ በር አትግቡ፣ በተለያዩ በሮች ግቡ ብለው መከሩ። ወዲያውም ይህ ምክሬ ከአላህ ውሳኔ አያስጥላችሁም፣ የምመካው በሱ ነው አሉ።

ይህ የአንድ ነቢይ ተወኩል ነው። በአላህ መመካት፣ የጽኑ ቃል ርክክብና የጉዞ ጥንቃቄ በአንድ ንግግር ውስጥ ተሰብስበዋል። ዛሬ «ተወኩል አለኝ» ብሎ የሰባት ዓመት ልጅን ስሙን እንኳ በቅጡ ለማያውቀው መንገደኛ የሚሰጥ ሰው የያዕቆብን መንገድ አልተከተለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግመሉን ፈትቶ በአላህ መመካት የፈለገውን ሰው መጀመሪያ እሰራት፣ ከዚያ ተመካ እንዳሉት ቲርሚዚ ዘግበዋል። ግመል የሚታሰር ከሆነ ልጅ እንዴት ያለ ርክክብ ይለቀቃል?

ታሪኩ አላለቀም። ትንሹ ወንድም በአላህ ውሳኔ ግብጽ ሲቀር ታላቃቸው ምን አደረገ? አባታችን በአላህ ስም ቃል ኪዳን እንደወሰደብን አታውቁምን ብሎ ወንድሞቹን ጠየቀ፤ አባቴ ካልፈቀደልኝ ወይም አላህ ካልፈረደልኝ ከዚህ ምድር አልነቃነቅም ብሎ በባዕድ አገር ቀረ። በመጀመሪያው ጊዜ የሐሰት ደም ይዘው ከመጡት አንዱ ነበር። ተውበትም ዕድሜም ሠርተውበት ይሆናል፤ ቁርኣን ግን በአንደበቱ ያስቀመጠው ቃል ኪዳኑን ነው። የተጠየቀበት፣ የተመሰከረበት ቃል ሰውን ይይዛል። ስለዚህ ርክክብ ስትጠይቁ ሰውየውን መጠርጠራችሁ አይደለም፤ ታማኝ ሆኖ እንዲቆም እያገዛችሁት ነው።

ፎርሙ ቃል ኪዳን ነው

አሁን ወደ ተግባሩ እንግባ። አብዛኞቹ አየር መንገዶች ከአምስት ዓመት በታች የሆነን ልጅ ብቻውን አይቀበሉም። ከአምስት እስከ አሥራ አንድ ዓመት ያለው ብዙ ጊዜ «ያለ አጃቢ የሚጓዝ ልጅ» በሚባለው አገልግሎት እንዲመዘገብ ይጠየቃል። አንዳንድ የአሜሪካ አየር መንገዶች ይህንን እስከ አሥራ አራት ዓመት ያደርሱታል። አገልግሎቱ ተጨማሪ ክፍያ አለው፤ ሁሉም በረራ ላይም አይሰጥም፤ በተለይ አውሮፕላን መቀየር ካለ። ስለዚህ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ወደ አየር መንገዱ ደውላችሁ ጠይቁ።

በዚህ አገልግሎት ፎርም ይሞላል። የሚያደርሰው ሰው ስም፣ አድራሻና ስልክ ይጻፋል፤ የሚቀበለው ሰውም እንዲሁ። የልጁ ሰነዶች ብዙ ጊዜ አንገቱ ላይ በሚንጠለጠል ቦርሳ ይቀመጣሉ። ሠራተኛ በኢሚግሬሽን ያሳልፈዋል፣ አውሮፕላኑ ላይ ለአስተናጋጆች ያስረክበዋል፤ ሲደርስም ሌላ ሠራተኛ ይረከበውና ፎርሙ ላይ ስሙ ላለው ሰው ብቻ፣ መታወቂያ አይቶ፣ አስፈርሞ ይሰጠዋል። ከእጅ ወደ እጅ፣ ከፊርማ ወደ ፊርማ። ይህን ወረቀት እንደ ጣጣ አትዩት። የያዕቆብ ቃል ኪዳን ነው በሉት።

እናንተ ወጣቶች ልትረዱባቸው የምትችሉባቸው ጥቂት ነጥቦች እነሆ።

አንድ። የተቀባዩ ስም መታወቂያው ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይጻፍ። እኛ ዘንድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሙሐመድ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ። ሰፈር ሁሉ «አባ እገሌ» የሚላቸው አጎት መታወቂያቸው ላይ ሌላ ስም ሊኖራቸው ይችላል። በቤት ስም የተሞላ ፎርም ልጁን በር ላይ ያስቆመዋል። የመታወቂያውን ፎቶ በስልክ አስልካችሁ እያያችሁ ሙሉ። የሚቻል ከሆነ ሁለተኛ ተቀባይም አስመዝግቡ።

ሁለት። ያደረሰ ሰው አውሮፕላኑ እስኪነሳ ከማረፊያው አይውጣ፤ ስልኩም ይከፈት። በረራ ሊዘገይ፣ ሊሰረዝም ይችላል። ልጁን ከበሩ አስገብቶ ወደ ሥራ መሮጥ አደራውን ከመንገድ ላይ መጣል ነው። ተቀባዩም ቀድሞ ይድረስ። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ 13 ሰዓት ገደማ በርሮ የመጣ ልጅ የሚያውቀው ፊት ካላየ የሚሰማውን ነገር አስቡት።

ሦስት። የበረራ አስተናጋጅ ልጁን እየመጣች ታየዋለች፤ ሙሉውን መንገድ ግን አጠገቡ አትቀመጥም። መጸዳጃ ቤት ብቻውን የማይሄድ፣ ምግቡን ራሱ መክፈት የማይችል፣ መድኃኒቱን የማያውቅ ልጅ ዕድሜው ቢፈቅድም ገና ዝግጁ አይደለም። ዕድሜ አንድ ነገር ነው፣ ብስለት ሌላ።

አራት። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ በብዙ አየር መንገዶች እንደ አዋቂ ሊቆጠር ይችላል። ይህ ክፍያ ይቀንሳል፤ ግን በረራ ቢሰረዝ እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ ብቻውን ነው። ብዙዎቹ አየር መንገዶች አገልግሎቱን ለትልልቆቹም በጥያቄ ይሰጣሉና ገንዘቡን አትቆጥቡበት።

አምስት። ድንበር የሚሻገር ልጅ ከፓስፖርትና ከቪዛ ሌላ የወላጆቹ የስምምነት ደብዳቤ ቢይዝ ይመከራል፤ በኖታሪ ወይም በሰነዶች ማረጋገጫ የጸደቀ ቢሆን ይበልጥ ጥሩ ነው። አንዳንድ አገሮች ያለዚህ አያስገቡም፣ አያስወጡም።

ስድስት። የሰው ዕቃ በልጅ ሻንጣ አይላክ። «ትንሽ በርበሬ ናት»፣ «መድኃኒት ነው» እያለ የሚለምን አይጠፋም። ልጁ ራሱ አደራ ነው፤ በአደራ ላይ አደራ አትጫኑ። ውስጡን የማያውቀው ዕቃ ተይዞ ቢጠየቅ የሚመልሰው የለውም።

ሰባት። የሙስሊም ምግብ በረራው ከመድረሱ በፊት ይታዘዝ። አብዛኞቹ አየር መንገዶች ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ይጠይቃሉ። ልጁም የቀረበለትን ነገር ከተጠራጠረ ምን መብላት እንደሚችል ይነገረው።

በባቡርም እንዲሁ ነው። በአሜሪካው አምትራክ አሥራ ሁለት ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ያለ አዋቂ አይሳፈርም። ከ13 እስከ 15 ያሉት የሚፈቀድላቸው በቅድመ ሁኔታ ነው፤ የሚነሱበትም የሚወርዱበትም ጣቢያ ሠራተኛ ያለበት መሆን አለበት፣ መንገድ ላይ ባቡር መቀየርም የለም። ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ የባቡር ድርጅቱ ከ4 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆችን በቡድን አድርጎ ከአጃቢ ጋር የሚያደርስበት አገልግሎት ነበረ። ደንቦች ይለወጣሉና ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት ጠይቁ። የአገራችን አውቶቡስ ላይ ግን ፎርም የለም፤ ስለዚህ ፎርሙን እናንተው ሥሩት። የአጃቢው ስም፣ ስልክና የመታወቂያ ፎቶ ይያዝ፤ የመኪናው ታርጋ ይመዝገብ፤ ተቀባዩ መናኸሪያ ላይ ከወዲሁ ይቁም። በጣም ትንሽ ለሆነ ልጅ ግን የቤተሰብ ሰው አብሮት ቢሄድ ነው ትክክሉ።

ታላቅ እህት ሆይ፣ ተከታተዪው

የሙሳ (ዐ.ሰ) እናት ልጇን ወንዝ ላይ ስትጥል አላህ ልቧን አጽንቶላታል፤ እንደሚመልስላትም ቃል ገብቶላታል። ይህን ቃል ይዛም ሴት ልጇን ተከታተዪው አለቻት። እህቱም ሰዎቹ ሳያውቁባት ከሩቅ ሆና አየችው። ጡት አልይዝ ባለ ጊዜ የሚያሳድጉላችሁን ቤተሰብ ላመላክታችሁ ብላ በብልሃት ገባች፤ ሕፃኑ ወደ እናቱ እቅፍ ተመለሰ።

ይህችን ልጅ ቁርኣን በስሟ አልጠራትም፤ ሥራዋን ግን እስከ ቂያማ እናነበዋለን። አንቺ እህቴ፣ አንተ ወንድሜ፣ ለታናናሾቻችሁ ይህን ሁኑ። በስልካችሁ በረራውን ተከታተሉ። የመነሻና የመድረሻ ሰዓቱን ለእናታችሁ በአገሯ ሰዓት አስልታችሁ ንገሯት። ልጁ ከደረሰም በኋላ ክትትሉ አይቁም። እናትና አባት ሊጠይቁ ያፈሩትን፣ ልጁም ለትልልቆች ሊናገር የፈራውን ነገር ብዙ ጊዜ የሚሰማው ታላቅ ወንድም ወይም እህት ነው።

ከደረሰ በኋላ

ዐብዱላህ ኢብን ጀዕፈር (ረ.ዐ) እንደነገሩን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከጉዞ ሲመለሱ የቤተሰባቸው ልጆች ይቀበሏቸው ነበር። አንድ ቀን እሱን ከፊታቸው አስቀመጡት፤ ከፋጢማ ልጆች አንዱን ደግሞ ከኋላቸው አፈናጠጡትና ሦስት ሆነው በአንድ እንስሳ ላይ መዲና ገቡ። ሐዲሱ ሙስሊም ዘንድ ይገኛል። ከመንገድ የደከሙት እሳቸው ሆነው ሳለ ክብሩን ለልጆቹ ሰጡ። እኛስ ከመንገድ የደከመውን ልጅ እንዴት ነው የምንቀበለው?

አንዳንዴ ገና ከመድረሱ «አማርኛህ የት ሄደ?» ተብሎ ይሳቅበታል። «ፈረንጁ» የሚል ስም ይወጣለታል። ሻንጣው ሲከፈት ለኔስ ምን መጣልኝ ይባላል። የአባቱ ደመወዝ፣ የእናቱ ቤት ኪራይ ይጠየቃል። ይህ ልጅ ሲመለስ ስለ ዘመዶቹ ምን ይዞ ይመለሳል?

ተቃራኒውን ተመልከቱ። ዐብዱላህ ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) ልጅ ሳሉ አንድ ሌሊት አክስታቸው መይሙና (ረ.ዐ) ቤት አደሩ። አክስትየው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤት ነበሩ። ልጁ ሌሊት ነቢዩ ተነስተው ውዱእ ሲያደርጉና ሲሰግዱ አየ፤ እሱም ተነስቶ በግራቸው ቆመ። እሳቸውም ቀስ ብለው ወደ ቀኛቸው አዞሩት። አልጮሁበትም፣ ገና ልጅ ነህ ተኛ አላሉትም። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ይህ ሐዲስ እስከ ዛሬ የለይል ሶላት መማሪያችን ነው። በአክስት ቤት ያለፈች አንዲት ሌሊት ለዑማ ሁሉ ዕውቀት ሆነች። የእናንተ ቤት ለሚመጣው ልጅም ፈጅር ላይ የሚቀሰቅሰው አያት፣ ከምግብ በፊት ቢስሚላህ የሚያስታውሰው አጎት፣ አብሮት ቁርኣን የሚከፍት ዘመድ ይኑር። ከዚያ ክረምት የሚተርፈው ይኸ ነው።

አንድ ከባድ ነገርም በግልጽ ልናገር። ዩሱፍን ጉድጓድ የጣሉት ባዕዳን አልነበሩም፤ ወንድሞቹ ነበሩ። ስለዚህ «ዘመድ ቤት ነው ያለው» የሚለው ቃል ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጆች አሥር ዓመት ሲሞላቸው መኝታቸው እንዲለይ አዘዋል። ይህ ሥርዓት በእንግዳ ልጅ ላይም ይሠራል። ልጁ የት ነው የሚተኛው? ከማን ጋር? ከመሄዱ በፊት ይጠየቅ። ልጁም ሰውነቱ የራሱ አማና እንደሆነ፣ ማንም በማይገባ መልኩ ሊነካው እንደማይፈቀድለት፣ ለእናትህ አትንገር የሚል ሰው ካለ በዚያው ቀን መንገር እንዳለበት ይማር። በየቀኑ ለብቻው ሆኖ ወደ ወላጆቹ የሚደውልበት ሰዓት ይኑረው። ስለ ሰው በጎ ማሰብ ዲናችን ነው፤ ልጅን መጠበቅም ዲናችን ነው። አንዱ ሌላውን አያፈርስም።

በሁለት ቤት መካከል ያለ ልጅ

ከብቸኛ ተጓዦቹ ብዙዎቹ የተለያዩ ወላጆች ልጆች ናቸው። አላህ በሱረቱል በቀራ ስለ ማጥባት በደነገገበት አንቀጽ እናት በልጇ ምክንያት አትጎዳ፣ አባትም በልጁ ምክንያት አይጎዳ የሚል መርሕ አስቀምጧል። ይህን መርሕ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ይዘነው እንሂድ። ልጅን ዘግይቶ በማምጣት የቀድሞ ሚስትን መቅጣት፣ ፓስፖርቱን በመያዝ የቀድሞ ባልን ማስጨነቅ፣ ልጁን «እዚያ ቤት ማን ይገባል? ምን ይባላል?» እያሉ ሰላይ ማድረግ ልጁን መሣሪያ አድርጎ መበደል ነው። ለመጎብኘት የተላከን ልጅ በዚያው አስቀርቶ አለመመለስማ ግልጽ አደራ መብላት ነው።

እናንተ በመካከል ያላችሁ አጎቶችና አክስቶች፣ ታላላቅ ወንድሞችና እህቶች የሰላም ድልድይ ሁኑ። ልጁ ፊት ስለ እናቱም ስለ አባቱም ክፉ አትናገሩ። ዝምድናን ቀጣይ ማለት ለቀጠሉት ብቻ የሚመልስ ሳይሆን ሲቆርጡትም የሚቀጥል እንደሆነ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንዳስተማሩ ቡኻሪ ዘግበዋል። ሻንጣውን እየጎተተ በሁለት ቤት መካከል የሚመላለሰው ልጅ ይህንን ሐዲስ በእግሩ እየኖረው ነው። ቢያንስ መንገዱን አናክብድበት።

ለአንተ፣ ለተጓዡ

ራስህ ተጓዥ ለሆንከው ታናሽ ወንድሜና ለታናሽ እህቴ ደግሞ ይህን ልበል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የማይመለሱ ዱዓዎች ብለው ሦስት ጠቅሰዋል፤ የተበደለ ዱዓ፣ የመንገደኛ ዱዓና ወላጅ ለልጁ የሚያደርገው ዱዓ። አንተ ወንበር ላይ ስትቀመጥ የመንገደኛው ዱዓ በእጅህ ነው፤ በር ላይ የቀረችው እናትህ ደግሞ የወላጅን ዱዓ ይዛለች። ሁለት በር በአንድ ጊዜ ተከፍቷል። የመሳፈሪያውንና የመንገደኛውን ዱዓ ከመሄድህ በፊት ሸምድድ። ብትፈራ አትፈር፤ አላህን አውሳ። የሚያስጨንቅህ ሰው ካለ ቦታ እንዲቀየርልህ ለአስተናጋጇ ንገራት። ፎርሙ ላይ ስሙ የሌለ ሰው «አባትህ ልኮኝ ነው» ቢልህ እሺ ብለህ አትከተለው፤ ከሠራተኛው አትለይ።

ልጅቷ ባሊግ ከሆነች የመሕረም ጉዳይ ይመጣል። ዑለማዎች በዝርዝሩ ላይ፣ በተለይ መንገዱ ሰላም በሆነበት ሁኔታ፣ የተለያየ አስተያየት አላቸው። ቤተሰቡ የሚያምነውን ዓሊም ሁኔታውን ነግሮ ይጠይቅ። ከማኅበራዊ ሚዲያ ክርክር ፈትዋ አይለቀም።

አጠገባችሁ ብቻውን የተቀመጠ ልጅ ካገኛችሁም ሰላም በሉት፣ ቀበቶው ካስቸገረው እርዱት፣ ሲያስፈልገው አስተናጋጅ ጥሩለት። የግል ጥያቄ አታብዙበት፣ ፎቶ አታንሱት። ለዚያች ጥቂት ሰዓት ጎረቤታችሁ ነው፤ የጎረቤት ሐቅ አለው።

ስንሸኝ

ዐብዱላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) መንገደኛ ሲያዩ ቅረበኝና ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይሸኙን እንደነበረው ልሸኝህ ይሉት ነበር። ከዚያም ዲኑን፣ አማናውንና የሥራውን ፍጻሜ ለአላህ አደራ ይሰጡለታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለሐሰንና ለሑሰይንም በአላህ ቃላት ጥበቃ ይጠይቁላቸው ነበር፤ ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ለኢስማዒልና ለኢስሐቅ ይህንኑ ያደርጉ እንደነበርም ነግረውናል። እነዚህን ዱዓዎች ዛሬ ከመሻኢኾቻችሁ ተማሯቸው። ልጁን ስትሸኙ ፎርሙ ላይ ፈርማችሁ፣ ስልኩን ሞልታችሁ፣ ራሱ ላይ እጃችሁን አድርጋችሁ በሉለት። በአማርኛችን «የምድርም የሰማይም አደራ» የምንለው እዚህ ጋ ይገናኛል። የምድሩን በፊርማ፣ የሰማዩን በዱዓ።

ዛሬ ጁሙዓ ነው። ከዐስር በኋላ ያለችውን ሰዓት ሳታሳልፉ ሁለት ነገር አድርጉ። በዚህ ዓመት ብቻውን የሚጓዝ ልጅ በዘመዶቻችሁ መካከል ካለ ወደ ቤተሰቡ ደውላችሁ «ማን ያደርሰዋል? ማን ይቀበለዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ክፍተት ካለበት ክፍተቱን እናንተ ሙሉ። ከዚያም እጃችሁን አንስታችሁ ለመንገደኛ ልጆች ሁሉ ዱዓ አድርጉ።

አላህ ሆይ፣ በሰማይም በምድርም፣ በሐዲድም በአስፋልትም ላይ ያሉትን ልጆቻችንን ጠብቃቸው። በደህና ከሄዱበት በደህና መልሳቸው። ያዕቆብን ከዩሱፍ፣ የሙሳን እናት ከልጇ እንዳገናኘህ የተራራቁትን ቤተሰቦቻችንን አገናኝ። እኛንም አደራ ከሚበሉት ሳይሆን አደራ ከሚያደርሱት አድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።